ዞብል ያልታየባቸው ማለዳዎች

ቆቦ፣ ታኅሣሥ 19 ቀን 1966 ዓ.ም.

ለወንድሜ፤

ከሰላምታው በፊት አንድ ነገር ተረዳልኝ፦ በቆቦ ላይ ጭስ ታየ ማለት ሰዉ እህል እየበላ ነው ማለት አይደለም። ደብዳቤውን ለመጨረስ ጊዜ ብታጣ እንኳ ይህችን ለእርዳታ ቢሮው አለቃህ ንገርልኝ።

አሰላሙ ዐለይኩም። አንተ፣ ባለቤትህና ልጆቹ እንደምን ከርማችኋል? የደሴ ብርድ ጉልበትህን አልነካውም? እኛ አልሐምዱሊላህ አለን።

ከመምህርነት ጡረታ ከወጣሁ ጀምሮ ማለዳ ማለዳ ከደጄ ቆሜ ምን ያህል ርቀት እንደሚታየኝ በደብተር እንደምመዘግብ ታውቃለህ፤ «ተማሪ የሌለው ትምህርት» እያልክ የምትቀልድበት ደብተር ነው። የዞብል ተራራ ከታየኝ አንድ፣ ከመስጊዱ ወዲያ ካልታየኝ ሁለት፣ ከጎረቤቴ አጥር ወዲያ ካልታየኝ ሦስት። ክረምት ዝናቡ አየሩን ስለሚያጥበው አንድ ይበዛል። በሰኔ ነፋሱ አቧራ ያነሳል፤ ግን ያነሳውን ይዞት ይሄዳል። ከኅዳር እስከ ጥር ነገሩ ሌላ ነው። ሌሊት ከምዕራቡ ደጋ የሚወርደው ቀዝቃዛ አየር ሜዳው ላይ ይተኛል፤ በምሥራቅ ዞብል ይዘጋዋል። ፀሐይ መሬቱን እስክታሞቅ ጭሱ ወደ ላይ መውጫ፣ ወደ ጎንም መሄጃ የለውም። የጥቂት ምድጃ ጭስ የመቶ ይመስላል።

ባለፈው ሳምንት ስለ እርዳታ እህል ሊያጣራ ከእናንተ ቢሮ የመጣው ወጣት ስለ ደብተሩ ሰምቶ ቤቴ መጣ። እውነቱን ልንገርህ፣ ኮራሁ። ገለጥ ገለጥ አድርጎ፣ «ጋሼ፣ ከኅዳር ሠላሳ ቀን ሃያ ሰባቱን ሦስት ብለውታል። እንግዲህ ጭስ ካለ ድስት ተጥዷል ማለት ነው» አለኝና ጻፈ። ስለ ቀዝቃዛው አየር ላስረዳው ስጀምር ሰዓቱን አየ። ደብተሩንም ይዞት ሄደ። ትናንት ነጋዴው ነጅሙዲን ከሮቢት ሲመለስ የሰማውን ነገረኝ፤ የጥር የእርዳታ እህል ለቆቦ ሳይሰጥ አልፎ ይሄዳል ተብሏል።

ይህን እንደሰማሁ ጎረቤታችን አስካለ ቤት ገባሁ። ባሏ ከሞተ ወዲህ ሦስት ልጆች ይዛ ብቻዋን ናት፤ በሰፈሩ ከማንም ቀድሞ የሚጨሰውም የእሷ ቤት ነው። ድስቱ ውስጥ ውሃ ብቻ ይፈላል። የምትማግደው ከጣራዋ የመዘዘችውን ሳር ነው፤ ጭሱ የሚወፍረው ለዚህ ነው። ትንሹ ልጅ እየሳለ እናቱን ይዟል። «ታዲያ እሳቱ ለምን?» አልኳት።

«ምድጃው የጠፋ ቤት ይታማል፣ ጋሼ። ልጆቼን ‹የእነዚያ የራብተኞቹ› እንዲሏቸው ነው?» አለችኝ። ቀጥላም ሳቀችብኝ፦ «እርስዎ ዞብልን ሲፈልጉ የእኛን ድስት መች አይተው!»

ከእሷ ቤት ወጣሁ። ከዚያ ቤት ለቤት ዞርኩ። በሰፈራችን ከሚጨሱት አሥራ ዘጠኝ ቤቶች እህል የሚበስለው በአራቱ ብቻ ነው። የሌሎቹን ስም አልጻፍኩም፤ ያሳዩኝ አምነውኝ ነውና እንዳትጠይቀኝ። ቁጥሩን ግን ሁለት ጊዜ ቆጥሬዋለሁ። ጥፋቱ የወጣቱ ብቻ አይደለም። ያለ ማብራሪያ ደብተር ያስረከበ ተማሪ ቢኖረኝ ዜሮ እሰጠው ነበር፤ እኔ በስልሳ አንድ ዓመቴ ይህንኑ አደረግሁ።

ስለ እኛ አታስብ። ባለቤቴ መይሙናም እንደ አስካለ ማለዳ ተነስታ እሳት ታቀጣጥላለች፤ ጭሳችን ከማንም ቤት አያንስም።

አላህ ዕድሜህን ያርዝመው፣ ቤትህን ይጠብቀው፣ ቃልህንም አለቃህ ፊት ያሰማልህ። የእህሉ ምደባ ጥር አምስት ይፈረማል ይባላል። ከዚያ በፊት ይህን ወረቀት ከደብተሩ ጋር አያይዘው፤ መቀበል አለመቀበላቸውንም በመጀመሪያው አውቶቡስ ጻፍልኝ። ነጅሙዲን በየቀኑ መንገድ ላይ ቆሞ ይጠብቃል። እባክህ፣ አትዘግይብኝ።

ታላቅ ወንድምህ