ባለሻንጣዋን ከአውቶቡሱ እንዳያወርዱብን

ለተከበሩት የፊልም ድርጅት ዋና ሥራ አስኪያጅ፣
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? በተለይ ዓይንዎና ጆሮዎ ደኅና እንዲሆኑ አጥብቄ እመኛለሁ፤ ፊልም ለሚሠራ ሰው ሁለቱም አልፎ አልፎ እንደሚያስፈልጉ ሰምቻለሁና። እኛ፣ በሲኒማ ቤቱ በር ላይ ካስለጠፉት ማስታወቂያ በስተቀር፣ ምንም አልሆንም።

በማስታወቂያዎ፣ ሰው ሁሉ «ባለሻንጣዋ» እያለ የሚጠራውን ያንን ጥቁርና ነጭ ፊልም እንደ አዲስ ሊሠሩት መሆኑን አብስረው፣ ሕዝቡም አስተያየት እንዲሰጥ ጋብዘዋል። እኔም ከትምህርት ቤት ጋር በጊዜ የተሰለቻቸን ብንሆንም፣ ከሕዝብ ሳልቆጠር አልቀርም ብዬ ብዕር አነሣሁ። ፊልሙ እንደገና መሠራት አለበት፤ በዚህ አልጣላዎትም። የምንጣላበት ከዚህ በታች ነው።

አንደኛ፦ በአሮጌው ፊልም ጎረምሳውን ባል የሠሩት አንጋፋ ተዋናይ፣ በአዲሱም ያንኑ ጎረምሳ እንዲሠሩ መወሰንዎ ለአረጋውያን ያለዎትን ጥልቅ አክብሮት ያሳያል። ልባዊ ምስጋናዬን እያቀረብኩ፣ ደረጃውን እየሮጡ የሚወጡበትን ቦታ በሊፍት ቢያደርጉላቸው ግን ነፍስ ያተርፋሉ።

ሁለተኛ፦ ባልየው ሚስቱን በጥፊ ሲያጮላት፣ በአሮጌው ፊልም ሰው ለጭፈራ የሚያስነሣ ሙዚቃ ይለቀቃል። እርስዎ መኪናውን፣ ስልኩን፣ መጋረጃውን ሳይቀር ቀይረው ሲያበቁ፣ «ለታሪኩ ታማኝ ለመሆን» ጥፊውን ከነሙዚቃው አስቀርተውታል። ሚስትየዋ ከባሏ ያላገኘችውን ታማኝነት ጥፊው ከእርስዎ አገኘ፤ እግዜር ይስጥልን።

ሦስተኛው ረዘም ስለሚል ተቀምጠው ቢያነቡት ይሻላል። ሚስትየዋ ሻንጣዋን አንጠልጥላ ወጥታ አውቶቡስ መናኸሪያ ትደርሳለች። ማስታወቂያዎ እንደሚለው ከሆነ፣ ከዚያ «ልብ በሚነካ ፍጻሜ» ቤቷ ትመለስና የባሏን ጉልበት ስማ ይቅርታ ትለምናለች። እኛ እንዲህ የሚባል ፍጻሜ አናውቅም! በዚያ ሲኒማ ቤት ፊልም የሚያጫውተው አጎቴ፣ የእናቴ ታላቅ ወንድም፣ ታሪኩ መናኸሪያው ጋ ሲደርስ መብራት ያበራል፤ የመጨረሻው የፊልም ጥቅል ተቃጥሏል ብሎ ሸራው ፊት ይቆምና ቀሪውን በአፉ ይጨርሰዋል። አውቶቡሱ ላይ ወጣች፣ መስኮት ዳር ተቀመጠች ይላል። አንዷ ከኋላ «ሻንጣዋስ፣ ጋሼ?» ስትል፣ «እግሯ ሥር ነው፣ አትስጊ!» ይላታል። «ባልየውስ?» ሲሉት፣ «ቁልፍ ጠፍቶት ደጅ ተገትሯል!» ይላል፤ አዳራሹ በሙሉ «ይበለው!» ብሎ ብድግ ይላል። ያንን ሁሉ ጭብጨባ ለድርጅትዎ አድርገው ቆጥረውት ከነበረ፣ አዝናለሁ፤ የአጎቴ ነው።

ፊልሙ ለመጀመሪያ ጊዜ በታየ ዕለት እናቴ ከተመልካቾቹ አንዷ ነበረች፤ እኔ ጭኗ ላይ ተኝቻለሁ። ጉንጯ ያበጠው ጥርሷን አሟት ነው ተብሏል። በማግሥቱ በአንድ እጇ እኔን፣ በሌላው ሻንጣ ይዛ ወጣች፤ መስኮት ዳርም ተቀመጠች። ዛሬ በከተማው ሌላኛው ጫፍ የራሷ ሱቅ ያላት ልብስ ሰፊ ናት፤ አፏ ላይ መርፌ ይዛ እንኳ እኔን መስደብ የምትችል።

ታዲያ አባቴ ያንን ማስታወቂያዎን ገንጥሎ መጥቶ በሱቋ በር ላይ ለጠፈው። «የፊልሟ እንኳ ትመለሳለች፤ አንቺስ?» አላት። እናቴ «ተወው ልጄ፣ ፊልም ነው» ብላኝ ወደ ስፌት መኪናዋ ዞረች፤ ከዚያም የደንበኛዋን የቀኝ እጅጌ በግራ በኩል ሰፋችው። እናቴ እጅጌ ስትስት አይቼ አላውቅም። ከዚያ ወዲህ አባቴ ደጃችን እየቆመ ፍጻሜዎን ለአላፊ አግዳሚው ይተርካል፤ አክስቶቼም «መንግሥት ያጸደቀው ፊልም እንዲህ ካለማ፣ እስቲ አስቢበት» ማለት ጀምረዋል። እሷም መርፌዋን ከአፏ አውጥታ ታዳምጣቸዋለች፤ እኔን የሚያስፈራኝ ይህ ማዳመጧ ነው።

ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ ልመናዬ አጭር ነው፤ ጥፊውን ያለ ሙዚቃ ያሰሙን፣ ሴትዮዋንም አውቶቡሱ ላይ ይተዉልን። የግድ ወደ ቤቱ መመለስ ያለበት ሰው ካስፈለገዎ፣ አንጋፋው ተዋናይ አሉልዎ፤ እሳቸውም ቢያርፉ ደስ ይላቸዋል።

ጉልበት ከመሳም በስተቀር ማናቸውንም አክብሮት የማልነፍግዎ፣
የባለሻንጣዋ ልጅ

በድጋሚ፦ በማስታወቂያዎ ግርጌ የአሮጌውን ፊልም የመጨረሻ ጥቅል ያየ እንዲጠቁም ጠይቀዋል። አልተቃጠለም። አጎቴ የእህቱን ጉንጭ በአዳራሹ በር ላይ ባየ ጊዜ ነው ደብቆ ያስቀረው፤ ኋላም ለእሷው ሰጣት። ጥቅሉ የነበረበትን ቆርቆሮ የመርፌና የክር ማስቀመጫ አድርጋዋለች። ፊልሙ ራሱ የሱቃችን መጋረጃ ማሰሪያ ነው፤ ሴትዮዋ የምትንበረከክበት ቦታ ላይ ጠበቅ አድርጋ ቋጥራዋለች። ቋጠሮውን ልፍታ ካሉ እንኳን ደኅና መጡ፤ መቀሱ ግን በእሷ እጅ ነው።