ካልባሰባችሁ አትጥሩኝ

ሐሙስ፣ ኅዳር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ቦንጋ

ከሚካኤል ንግሥ ስመለስ ልጄ ማርታ ኮምፒውተሯን ከፈተችልኝ። እናቷ ካረፈች ወዲህ ብቻዬን እንዳልተክዝ ብላ፣ ከጓደኞቿ ጋር በኢንተርኔት በሚጫወቱት የከተማ ጨዋታ ውስጥ አምቡላንስ ነጂ አድርጋኛለች። ተጫዋች ሲጎዳ የሚጫነው "ድረሱልኝ" የሚል ቁልፍ አለ። እነሱ ግን መቀለጃ አደረጉት። ዛሬ አንዱ ጠርቶኝ እየበረርኩ ብደርስ፣ "ጋሼ፣ ዝናብ ሊመታኝ ነው፣ እስከ ገበያ ያድርሱኝ" አይለኝም! በዚያው ሰዓት መኪና የተገለበጠባት ልጅ ጠብቃ ጠብቃ ከጨዋታው ወጣች።

ማርታ ጨዋታውን ከሚያስተዳድሩት አንዷ ናት። "አባዬ፣ አንተን ይፈሩሃል፣ ሕግ አውጣላቸው" አለችኝ።

"ካልባሰባችሁ አትጥሩኝ ብለሽ ጻፊ" አልኳት።

መጻፍ ጀምራ እጇ ቆመ። "እማዬንም እንዲህ ብለሃት ነበር" አለች። አልተቆጣችም።

እውነቷን ነው። ታማ በተኛችበት ወር ለውኃውም ለትራሱም ስትጠራኝ ታክቶኝ ተናግሬያታለሁ። ከዚያ ወዲያ አልጠራችኝም። ባረፈችበት ቀን ጓሮ ነበርኩ፤ ብትጠራኝ እሰማት ነበር።

ሕጉ ያስፈልጋል፣ ማርታም ታውቃለች። በሐሰት የጠራ ቁልፉ ለአንድ ቀን እንዲዘጋበት ተስማማን። "ካልባሰባችሁ" የሚለውን ግን አስጠፋኋት።

እኔው ራሴ ዛሬ ጠዋት ሚካኤል ፊት ቆሜ "ድረስልኝ" ስል ነው ያረፈድኩት። ምን ያህል ብሶብህ ነው ያለኝ የለም።