ከባለቤቴ ካሴት ላይ ስለጠፋው ዝዝታ

ለክቡር የአካባቢያችን የኤሌክትሪክ ጽሕፈት ቤት ሥራ አስኪያጅ፣

ክቡር ሆይ፣ ይህ ደብዳቤ በሙሉ ጤንነት እንዲያገኝዎ፣ ወንበርዎም እንደተመቸዎ እንዲቆይ ከልብ እመኛለሁ። እኔ ከብየዳ ቤቱ ጀርባ የምኖር፣ ስለ መስመራችን ጩኸት በአራት ዓመት ውስጥ አሥራ አንድ ማመልከቻ ያስገባሁ ልብስ ሰፊ ነኝ። ማመልከቻዎቼ እንዳይጎሳቆሉ በማሰብ ማንም እንዳልነካቸው በዓይኔ ስላየሁ አመሰግናለሁ።

ብየዳ ቤቱና የእኔ ቤት ኃይል የምናገኘው ከአንድ መስመር ነው። እነሱ ብረት ሲበይዱ የእኔ ቴፕ ዝዝ ይላል። የምሰማው ደግሞ ዘፈን አይደለም። ባለቤቴ የሦስተኛ ክፍል አስተማሪ ነበረች፤ ከማረፏ በፊት በነበረው ዓመት፣ ጉሮሮዬን ላሳርፈው ብላ፣ ለተማሪዎቿ የቃል ጽሕፈት በካሴት ትቀዳ ነበር። አንድ ዐረፍተ ነገር ታነባለች፤ ልጆቹ እስኪጽፉ ዝም ትላለች፤ ከዚያ ትደግመዋለች። የቀረኝ ድምጿ ይኸው ነው።

ምስጋናዬን በዝርዝር አቀርባለሁ፦

1ኛ/ ለመጀመሪያው ማመልከቻዬ «ችግሩ ከመስመሩ ሳይሆን ከእርስዎ ቤት ነው» ብለው ስለመለሱልኝ። በሦስተኛውም በሰባተኛውም ቃልዎን አላጠፉም።

2ኛ/ ባለሙያዎ መጥቶ፣ ቴፑን ሳይከፍት ጆሮውን ግድግዳው ላይ ለጥፎ፣ «አባባ፣ ይሄ የዕድሜ ነው» ስላለኝ። የቴፑን ይሁን የእኔን ግን አልገለጸልኝም።

3ኛ/ ራሴን እንድችል ስላስገደዱኝ። የኤሌክትሪክ ዕቃ የሚሸጠው ጎረቤቴ ሶኬት ላይ የምትሰካ ማጣሪያ አመጣልኝና «ጋሼ፣ ይቺን ከቴፑ አጠገብ ይሰኳትና ይስሙት» አለኝ። ድምፅ በሶኬት ይጠራል ሲለኝ ሳቅሁበት። የመጀመሪያዋ ጩኸቱን ቀነሰችው። ሁለተኛዋ ስትጨመር ዝዝታው ጠፋ።

ክቡር ሆይ፣ ባለቤቴ በዐረፍተ ነገሮቹ መካከል ዝም አትልም ነበር። ታስላለች። ልጆቹ እንዳይሰሙ አፏን አፍና፣ ደረቅ ሳል ታስላለች፤ ከዚያ ትንፋሿን ሰብስባ ቀጣዩን ታነባለች። ካሴቱ ላይ በእጇ የጻፈችው ቀን፣ ትንሽ ያስለኛል ብላ ከነገረችኝ ቀን በዘጠኝ ወር ይቀድማል። ሐኪሙ «ምነው ቀደም ብላችሁ ብትመጡ» ብሎን ነበር። እሷ ስትቀዳ እኔ ከጎን ባለው ክፍል ስፌት መኪናዬን እረግጥ ነበር።

ስለሆነም ችግሩ ከቤቴ መሆኑን አምኜ፣ አራት ዓመት ስለተከራከርሁዎ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ማጣሪያዎቹን ነቅያለሁ። አሁን ቴፑን የምከፍተው ብየዳ ቤቱ ሥራ ሲጀምር ነው። አንዴ የሰማ ጆሮ ግን ሳሉን ከዝዝታው ውስጥም ለቅሞ ያወጣዋል። አሥራ አንዱም ማመልከቻዎች እንዲነሱልኝ፣ መስመሩም እንዳይጠገን የተለመደውን ቸልታዎን እንዳይነፍጉኝ እለምናለሁ።

ትዕግሥትን ከጽሕፈት ቤትዎ ኮሪደር የተማረ፣
በመዝገብዎ በሰላም ያረፉት ማመልከቻዎች ባለቤት፣
ልብስ ሰፊው

ማስታወሻ፦ ትናንት ማመልከቻዎቹን ለማንሳት መጥቼ ነበር። ጸሐፊዎ፣ ቆጣሪው በባለቤቴ ስም ስለሆነ እሷ በአካል ቀርባ ካልፈረመች እንደማይቻል በትሕትና አስረዳችኝ። የሞት ምስክር ወረቀቷን ሰጠኋት። ሳታነበው መለሰችልኝና «ግድ የለም አባባ፣ ሲመቻቸው ይምጡ» አለችኝ።