የካስማው ተረኛ አቶ ገዳሙ ድረስ

አቶ ገዳሙ ድረስ ከአባታቸው ከቄስ ድረስ ወንድማገኝና ከእናታቸው ከወ/ሮ ወለተ ሐዋርያት ደመላሽ በ1970 ዓ.ም. አምበር አጠገብ ተወለዱ። በልጅነታቸው ደብረ ወርቅ ዜማ ቤት ገብተው ተማሩ። ኋላም ደብረ ማርቆስ ለመምህርነት በመሠልጠን ላይ ሳሉ፣ በ1992 ዓ.ም. ስኪዞፍሬኒያ የተባለው የአእምሮ ሕመም ያዛቸው።

ጠበሉም መድኃኒቱም አልቀረም። እግዜር ይመስገን፣ በጆሯቸው የሚጮኸው ድምፅ ረገበ። ተነሥቶ የመሥራት ፍላጎታቸው ግን አብሮ አልተመለሰም፤ ከግድግዳው ሥር ተቀምጠው መዋል ሆነ። ሰፈርተኛው ስንፍና አለው። እናታችን፣ ታናሽ እህታቸው ወ/ሮ ወለተ ጊዮርጊስ፣ ውሃውንም እህሉንም እጃቸው ላይ ያደርሱላቸው ነበር። እድሩም «እሱ በሽተኛ ነው፣ ይቅርበት» ብሎ ከድንኳን ተከላ ተራ አወጣቸው። ርኅራኄ ነበር፤ ግን ጭራሽ ከሰው ቁጥር አስወጣቸው።

በ2008 ዓ.ም. ለሥራ ወደ ከተማችን የመጣች ሳራ የምትባል የሥነ ልቦና ባለሙያ «ከሕመሙ በፊት ምን ያስደስትዎ ነበር?» ብላ ጠየቀቻቸው። እሳቸውም «አባቴን ተክቼ ድንኳን መትከል» አሉ። እሷም የድንኳኑን ገመድ የሚይዝ አንድ ካስማ ብቻ በመትከል እንዲጀምሩ፣ ሲሄዱ ምን ያህል ደስ እንደሚላቸው ገምተው ሲመለሱ እንዲያመዛዝኑ አስለመደቻቸው። «ልብዎ እስኪነሣ አይጠብቁ፤ እጅዎ ይቅደም፣ ልብ ይከተላል» ትላቸው ነበር። የእድሩን ዳኛ አቶ አበረንም እንደማንኛውም አባል እንዲይዟቸው ለመነች።

እውነትም ከገመቱት በላይ ደስ ብሏቸው ይመለሱ ጀመር። አንድ ቀን ግን ቀሩ። አቶ አበረ በአባላቱ ፊት «ገዳሙ! ተራህን አጉድለሃል። እንዳይለምድህ!» ብለው ተቆጧቸው። እናታችን አለቀሱ፤ ከአቶ አበረ ጋር ሊጣሉም ምንም አልቀራቸው። እኛም በቃ፣ ወደ ግድግዳው ሊመለሱ ነው ብለን ፈራን። አጎታችን ግን ፊታቸው በርቶ ቤት ገቡና «ሰማሽ ወይ ወለተ ጊዮርጊስ? ተቆጡኝ እኮ! እንደ ሰው ተቆጡኝ!» አሉ።

ከዚያ ወዲህ የራሳቸውን ተራ ቀርቶ የሰውንም ይሸፍኑ ነበር። ድምፁ አልፎ አልፎ ቢመለስባቸውም መድኃኒታቸውን ሳያቋርጡ አናጢ ቤት ተቀጥረው ሠሩ። እንደሳቸው ታሞ የተቀመጠ ሰው ሲያገኙ ካስማ አሲዘው ይዘውት ይሄዱ ነበር። ትዳር እንዲይዙ ስንወተውታቸው «እስቲ መጀመሪያ ከራሴ ጋር ልስማማ» እያሉ ያስቁን ነበር።

አቶ ገዳሙ በሳንባ ምች ታመው ሲታከሙ ቆይተው ሰኔ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ዐረፉ። እህታቸውንና እኛን የእህታቸውን ልጆች በኀዘን ትተውን ሄዱ።

ዛሬ ጠዋት በደጃችን ድንኳኑ ሲተከል አጎታችን አልነበሩም። አቶ አበረ፣ ተራቸውን አጉድለዋልና ዛሬን አይቆጧቸው፤ ይማሯቸው። መድኃኔዓለምም ነፍሳቸውን ይማርልን።