የሞሴሴን መዝሙር ወደ ቀን መቁጠሪያ ስለቀየረው ነጻ ፕሮግራምዎ

ይድረስ ለተከበሩ አቶ ፔኒሲማኒ ላቱ
የደሴቶቹ የኮምፒውተር ድጋፍ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ቫቫኡ፣ ቶንጋ

ክቡር ሆይ፤

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኛ የመንደራችን መዘምራን፣ ጽሕፈት ቤትዎ «ለሁሉም የሚመከሩ ነጻ ፕሮግራሞች» ብሎ ያደለን ስጦታ ከደረሰን ወዲህም፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ በሕይወት አለን። ጉልበትዎን ያበርታልን፤ ወንበር ላይ ብዙ ስለሚቀመጡም በተለይ ወገብዎን አደራ።

እኔ ኤሴታ፣ የሟቹ የመዘምራን መሪ የሞሴሴ ታላቅ እህት ነኝ። በአገራችን የአባት እህት ስትናገር ቤቱ ጸጥ እንደሚል ያውቃሉ። እርስዎ የወንድሜ ልጅ ስላልሆኑ ግን አላዝዝዎትም፣ በትሕትና ብቻ እጠይቅዎታለሁ።

ሞሴሴ ከመሞቱ በፊት አንድ መዝሙር ደርሶ ነበር። ከአራቱ ድምፅ የሦስቱን አስተምሮን፣ የአራተኛውን፣ የወፍራም ድምፅ ወንዶቹን ክፍል ለነኬሌፒ ሳያስጠና ሞት ቀደመው። ያ ክፍል የቀረው በአዳራሹ ኮምፒውተር ላይ፣ ልጁ ሉፔ የእኛን የቁጥር ዜማ እንዲጽፍበት ብላ ለአባቷ በሠራችለት ፕሮግራም ውስጥ ነበር። ሉፔ በዋና ከተማው ፕሮግራም ሠሪ ናት፤ ለደብዳቤውም ለሥዕሉም የሚሆኑ ሌሎች ነጻ ፕሮግራሞች ጭናልን «አክስቴ፣ ውስጡን ማየት የፈለገ ይየው፤ ጎረቤትም ከጠየቀ አባዙለት» ብላን ሄዳለች። ሙት ዓመቱ የፊታችን እሁድ ነው፤ መዝሙሩን ሙሉውን እንዘምርለታለን ብለን ቃል ገብተናል።

ከዚያ ባለሙያዎ ኢኖኬ በጀልባ መጣ። ከምድጃ የወጣ፣ ሥጋ በቅጠል የተጠቀለለበት ሉ አቀረብንለት፤ በላ፣ ደገመ፣ አፉን ጠረገና «እትዬ፣ ይሄ ሁሉ ያልተመከረ ነው፤ አንድ ጊዜ ላጽዳላችሁ» አለን። ጠራረገው። የሞሴሴን መዝሙሮች በሙሉ በእናንተ ነጻ የሒሳብ ሠንጠረዥ ፕሮግራም ላይ ገልብጦ፣ የቀድሞውን ደመሰሰ። ስለዚህ ምስጋናችንን በተራ እናቀርባለን።

አንደኛ፣ ስጦታዎ ከመከፈቱ በፊት ስሜን፣ የትውልድ ቀኔን፣ ስልኬንና የማውቃቸውን ሰዎች ስልክ ሁሉ ስለጠየቀኝ አመሰግናለሁ። እኔን ለመዳር የመጣ ሽማግሌ እንኳ ይህን ያህል አልጠየቀም! ነጻ የሆነ ነገር የአማቼን ስልክ ቁጥር ምን ይሠራበታል? ጠርጥር ከገንፎ ውስጥ አለ ስንጥር ይባላል። «ውስጡን ከፍተን እንየው?» ብዬ ብጠይቀው ኢኖኬ «ኧረ እትዬ፣ እሱ አይከፈትም፣ የድርጅቱ ምስጢር ነው» አለኝ። የሉፔን ጠርጎ የጣለው ደግሞ «ማን ምን እንዳደረገበት አይታወቅም» ብሎ ነው።

ሁለተኛ፣ ፕሮግራምዎ ስለ ትጋቱ ይመስገን። በአገራችን እሁድ ጀልባ እንኳ ከወደብ አይንቀሳቀስም፤ እሱ ግን ፓስተሩ እየጸለዩ ሳለ ከአዳራሹ ውስጥ ጮኾ ራሱን ማደስ ጀመረ። ፓስተሩ እኔን አዩኝ። እኔ ምን ላድርግ?

ሦስተኛው ግን ሆዴን ያቃጠለኝ ነው። ዜማችንን ከሦስት እስከ ዘጠኝ ባሉ ቁጥሮች፣ በመካከላቸው ሰረዝ እያስገባን እንደምንጽፍ እርስዎም በልጅነትዎ ከጥቁር ሰሌዳ ላይ ተምረውታል። የተከበረው ፕሮግራምዎ ግን አምስትና ስድስትን አይቶ፣ በፈረንጅ አቆጣጠር የስድስተኛው ወር አምስተኛ ቀን መስሎት «ጁን 5» አለ፤ ሦስትና አራትን አይቶ «ኤፕሪል 3» አለ። ኬሌፒ ወረቀቱን ተቀብሎ መነጽሩን አውልቆ መልሶ አደረገና «ታዲያ ልዘምረው ወይስ ቀጠሮ ልያዝበት?» ብሎ ጠየቀ። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እኔ አልሳቅሁም። ቀኖቹን ወደ ድምፅ እንመልሳቸው ብለን ተቀምጠን ሞከርን። ሌላው ቦታ ላይ ግን ሰረዙን መቀነሻ አድርጎት፣ ከሰባት ላይ አምስት ቀንሶ «2» ብሎ ጽፏል። በእኛ ዜማ ሁለት የሚባል ድምፅ የለም፤ የተቀነሰውንስ ማን ይመልሰዋል? ወንድሜ ታሞ ተኝቶ የደረሰውን እናንተ ሒሳብ ሠራችሁበት።

ጽሕፈት ቤትዎ ድረስ መጥቼ ስጠይቅ፣ አንዲት ልጅ በፈገግታ «አይስጉ እማማ፣ ሁሉም ሰማይ ላይ፣ በደመናው ውስጥ ተቀምጧል፤ ስምምነቱን ብቻ ይጫኑ» አለችኝ። ተጫንኩ። ከሰማይም የወረደልኝ ያው «ጁን 5» ነው። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ማለት እንግዲህ ይኸው ነው።

ክቡር ሆይ፣ በካቫው መጠጥ ዙሪያ የሚቀመጡት ወንዶች «ለዚህ ምክር ከድርጅቱ ምን ተቀብለው ይሆን?» ይላሉ። ከእኔ አፍ እንዲህ ያለ ነገር አይወጣም። እነሱ ይላሉ ነው ያልኩት።

ምክርዎ እስከ ሩቆቹ ደሴቶች እንዲደርስ፣ ከመድረሱም በፊት ሰው ሁሉ መዝሙሩን በቃሉ እንዲያጠና እየጸለይሁ፣ ከእግርዎ ሥር ሳይሆን ከጎንዎ ቆሜ እጅ የምነሳ፣

ኤሴታ፣ የሞሴሴ እህት፣ የሉፔ አክስት

ይድረስልኝ ያልኩት ተጨማሪ፦ የወፍራሞቹ ክፍል ተገኝቷል። የት ተገኘ ቢሉ፣ ከእርስዎ ቤት። ባለቤትዎ ወይዘሮ ላቪኒያ የሉፔን ያልተመከረ ፕሮግራም ከነመዝሙሩ ከሞሴሴ እጅ ተቀብለው ኖሯል፤ እርስዎ በሚጽፉበት ኮምፒውተር ላይ፣ ከእርስዎ የምክር ደብዳቤ ጎን ተቀምጦ አገኘነው። «ስሜን ጻፊው፤ ከእንግዲህ ምን ያመጣል!» ብለውኛል። ኬሌፒ እያጠና ነው፤ እሁድ እርስዎም ቢመጡ ከወፍራሞቹ ጋር ቦታ አለልዎት። ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የለጠፍኩት ግን ከእርስዎም ቤት እንዳይጠረግ ብዬ የመዝሙሩ ቅጂ እጄ ከገባ በኋላ ነው፤ ያልጠረጠረ ተመነጠረ።