ለእርስዎ እርሻ የሰጠሁት ማርክ

ካዛንቺስ፣ ነሐሴ 2003 ዓ.ም

ውድ ጋሽ ደጉ፣

ዝናቡ ቡታጅራም እንደዚህ ከሆነ ጉልበትዎን ሳያምዎት አልቀረም። እኔ ደህና ነኝ። ይህን የምጽፍልዎት ያው አብረን ከሠራንበት የግብርና ቢሮ ሆኜ ነው። ጎናችን የነበረው ቪላ ፈርሶ ፎቅ እየተሠራ ስለሆነ ጆሯችን ሊደነቁር ነው።

የእጸገነት ሻይ ቤት ግን አለች። ከገበሬው ማሳ ያመጣነውን የአፈር ጓል እዚያ ይዘው ይገቡና ውሃ በሞላ ብርጭቆ ውስጥ ጣል ያደርጉት ነበር። ቶሎ ከፈረሰ መሬቱ ተዳክሟል፤ ከቆየ ገና አቅም አለው። እጸገነት ብርጭቆዋ ውስጥ ጭቃ ስታይ ያልተናገረችዎት ነገር የለም! እርስዎ ደግሞ ሁለተኛ ሻይ አዝዘው ዝም ያሰኟታል። በቃ፣ ያ ጊዜ ይናፍቀኛል።

እርሻ መመዘን ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። ከዩኒቨርሲቲ እንደወጣሁ ብዙ ላመረተ ሁሉ ከፍ ያለ ማርክ ስሰጥ፣ «ወይኒ፣ ዘንድሮ ስንት ኩንታል እንዳገኘማ ነጋዴውም ያውቃል። የኛ ጥያቄ መሬቱ ነገም ያበላል ወይ ነው» አሉኝ። እህል ይበቅልበት የነበረ ማሳ ላይ ባህር ዛፍ ካዩ ደግሞ ፊትዎ ይለወጥ ነበር። ውሃውን መጥጦ የጎረቤቱንም ያደርቃል እያሉ ያለ ርኅራኄ ይቀንሳሉ። የገዛ አጎትዎን እንኳ አልማሩም።

ጡረታ ወጥተው የአባትዎ መሬት ላይ ሲገቡ፣ እርሻዎ የአካባቢው ገበሬ የሚማርበት ሰርቶ ማሳያ እንዲሆን ምን ያህል እንደተመኙ አውቃለሁ። መዛኟ እኔ መሆኔን ስሰማ ደስ ብሎኝ ነበር። ባለፈው ሳምንት መጥቼ በርበሬዎንና እንሰትዎን ሳይማ፣ አለፉ ብዬ ነበር። ከጓሮ ዞር ስንል ግን በቆሎ ይዘሩበት የነበረው ማሳ በሙሉ ባህር ዛፍ ሆኗል። መሬት መሬት እያዩ፣ «ልጆቹ የሉም። እኔም ማረስ አቃተኝ። እሱ አራሽ አይፈልግም» አሉኝ።

ደብተሬን አጥፌ ወጣሁ። መኪና ውስጥ አለቀስኩ። አብሮኝ የሚሠራው ሃብተአብ፣ ጋሽ ደጉ እኮ አባታችን ናቸው፣ ዛፉን እንዳላየሽ እለፊው አለኝ። እኔም ልቤ ከጅሎ ነበር፣ ምን እዋሻለሁ። ግን እጄ እምቢ አለ።

ጋሽ ደጉ፣ ዛሬ ማርክዎን አስገባሁ። አላለፉም። ከሌላ ሰው ከሚሰሙት ከእኔ ይስሙት ብዬ ነው የጻፍኩት። ቢናደዱብኝ አልፈርድብዎትም።

ዛፉን ግን ያስቆርጡ። ጉቶው ካልተነቀለ ተመልሶ እንደሚያቆጠቁጥ ለእርስዎ አልነግርም። የዓመት ፈቃዴን ለጥቅምት አድርጌዋለሁ፤ ሃብተአብንም እየጎተትኩ አመጣዋለሁ፤ ዶማ ብቻ ያዘጋጁልን። በቆሎው ሲዘራም እመጣለሁ፣ ሲታረምም እመጣለሁ። ልጆቹ የሉም አይበሉ፤ እኔ አለሁ።

ወይኒ