ውሃ ሳያድርበት የወጣው ማሰሮ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 16 ቀን። ማታ ውሃ ከሞላናቸው አሥራ አራት ማሰሮዎች አሥራ ሁለቱ ይዘው አደሩ፤ ሁለቱ አፈሰሱ። ይህን በማስታወሻ ደብተሬ ከመዘገብኩ በኋላ ነው ለአንተ ወረቀት ያነሣሁት።

ለምትናፍቀኝ ወንድሜ፦ ለጤናህ እንዴት ከርመሃል? የወገብህ ሕመም ተወህ? ሚስትህስ፣ ልጆቹስ፣ ብርዱን እንዴት ይዛችሁታል? እኛ እግዜር ይመስገን ደህና ነን። እማዬ ጉልበቷን አልፎ አልፎ ይቆረጥማታል፤ ምላሷ ግን እንደምታውቀው ነው፣ አንድ ቀን ታሞ አያውቅም።

ደብዳቤህ ደርሶኝ ሁለቴ አነበብኩት። የእማዬ መሥሪያ ክፍል ለመጋዘን ይከራይ፣ እሷም ትረፍ ብለሃል። እንግዶች ወደ ቤታችን መምጣት መጀመራቸውን ከሰው ሰምተህም፣ የውጭ ሰው አገራችንን ሊያይ ቢመጣ ቤተ መንግሥቱንና ሙዚየሙን እንጂ የእኛን ጭቃ ምን ብሎ ያያል፣ እናታችንንም የቱሪስት መጫወቻ አታድርጊያት ብለሃል። አልተቀየምኩም። እውነቱን ለመናገር እኔም ለደላላው ነግሬ ነበር። አሁን ግን ትቼዋለሁ፤ ለምን እንደሆነ ስማኝ።

ከሦስት ሳምንት በፊት አንድ አስጎብኚ ስድስት የውጭ አገር ሰዎች ይዞ፣ ሙዚየሙ እስኪከፈት ብሎ ወደ ሱቄ ገባ። ሦስት ማሰሮ ወደዱ። ማሰሮዎቹ በዚያው ጠዋት ከእሳት የወጡ ነበሩ። የእማዬን ሕግ ታውቃለህ፤ ውሃ ተሞልቶ በተነፋ አመድ ላይ ያላደረ ዕቃ ከቤት አይወጣም፣ ጠዋት አመዱ ከረጠበም ይሰበራል። እንግዳ እስኪነጋ አይጠብቀኝም ብዬ ሸጥኩላቸው። ጥፋቱ የእኔ ነው።

አመሻሽ ላይ መደርደሪያውን አይታ ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት። እራቷን ተወችና ጫማዋን አደረገች። «ሳያድር የወጣ ዕቃ በእኔ ስም ባሕር አይሻገርም፤ ተነሽ ምሪኝ» አለች። ሆቴሉ ድረስ በእግር ሄድን። አስጎብኚውን ከእራቱ አስነሥታ፣ በእሱ አስተርጓሚነት ሦስቱን ማሰሮዎች አስመጣችና በእንግዳ መቀበያው ጠረጴዛ ላይ ጋዜጣ አንጥፋ ውሃ ሞላቻቸው። እንግዳ ተቀባዩ «እናቴ፣ እዚህ እኮ ሰው የሚመዘገብበት ነው» ቢላት፣ «እነሱም ይመዝገቡ» አለችው።

ጠዋት ስንደርስ ስድስቱም ቁርስ ሳይበሉ ጠረጴዛውን ከበዋል። ያንደኛው ጋዜጣ ርሷል፤ ማሰሮው ቀይ ባርኔጣ ያደረገችው ሴትዮ የገዛችው ነው። እማዬ ከቤት ይዛው በመጣችው፣ ውሃ ባደረበት ማሰሮ ለወጠችላት፤ የሚያፈሰውን ደጅ አውጥታ ሰበረችው። ሴትዮዋ ገንዘቤን መልሱ የምትል መስሎኝ ነበር፤ የጠየቀችው ግን የሚሠራበትን ቤት እንድናሳያት ነው። አስጎብኚው ዛሬ ደግሞ የቤተ መንግሥቱ ቀጠሮ አለን እያለ ቢያጉረመርምም ሁሉም ተከትለውን መጡ።

መጫወቻ ላልከው፣ ማን መጫወቻ እንደሆነ መጥተህ ብታይ ጥሩ ነበር። እማዬ እጅጌያቸውን አስጠቅልላ ጭቃ አስቦካቻቸው። ሐኪም ነኝ ያለውን ሰውዬ አይታ «በዚህ እጅ ነው ሰው የሚያክመው?» አለች። አስጎብኚው ይህን አልተረጉምም አለ፤ ሰውዬው ግን ከፊቷ ገብቶት ከት ብሎ ሳቀ። ቤተ መንግሥቱስ እንዴት ያለ ነው ሲሏት፣ «እኔም ያየሁት ከአጥር ውጭ ነው፤ የማላውቀውን ምን ብዬ ላውራችሁ» አለቻቸው። የምታውቀውን ግን፣ አፈሩ ከየት እንደሚመጣ፣ አያታችን የማሰሮ አንገት ለምን ጠበብ አድርጋ ትሠራ እንደነበር፣ የየቤቱ ሥራ በማሰሮው ጆሮ ቅርጽ እንዴት እንደሚለይ፣ እስከ ምሳ ስትነግራቸው ዋለች። ከዚያ በኋላ ቤተ መንግሥቱን ያነሣ አልነበረም።

አስጎብኚው ከዚያ ወዲህ አራት ቡድን አምጥቷል። አሁን እንግዳው ከሰዓት በኋላ ማሰሮውን መርጦ በገዛ እጁ ውሃ ይሞላል፤ ጠዋት ተመልሶ አመዱን ያያል። ሁለቴ ስለሚመጣ ከሱቄም ሁለቴ ይገዛል፤ ይህን ለእማዬ አልነገርኳትም። ትናንት የአስጎብኚው አለቃ ራሱ መጥቶ፣ እስከ ክረምት መግቢያ በየሳምንቱ እንግዳ ልላክላችሁ አለ። መልሱን ለእማዬ ተውኩት፤ ያንተንም ደብዳቤ አንድ ቃል ሳልቀንስ አነበብኩላት። እሷም «ልጄ ስላሰበልኝ ይባረክ። ማረፍ ሲያምረኝ እኔው እነግረዋለሁ» አለች። ወደ አለቃው ዞራም «ሳይቀመጥ ፎቶ የሚያነሣ እንዳታመጣብኝ» አለችው።

ስለዚህ ክፍሉ አይከራይም፤ ለደላላውም ዛሬ ነግሬዋለሁ። ስለ ጉልበቷ አትስጋ፤ ቧንቧውን እስከ ጓሮ አስገብቻለሁ፣ ውሃ አትሸከምም።

ለሚስትህ ሰላምታዬ ይድረሳት፤ የላከችልኝ ሹራብ ልክ ሆኖልኛል። ትልቋ ልጅህ በራሷ እጅ ሁለት መስመር ትጻፍልኝ። የትንሹን ጉንጭ ሳምልኝ። እማዬ ሁላችሁንም ሰላም ብላለች፤ ለአንተ ለብቻህ ደግሞ «ወፍራም ካልሲ ያድርግ» ብላለች።

እኅትህ፣ ከሱቁ ጀርባ ካለው ክፍል።

ደብተሬ ላይ፣ ለነገ፦ የአፈሩ ክምር አልቋል። በጠዋት ከባለ ጋሪው ጋር ወንዝ ዳር ወርዶ ሁለት ጭነት ማምጣት።